ጋቢ የለበሰችው ሃይድሬንጃ

ጠርጣሪ ነሽ ይሉኛል። እኔ ጥንቁቅ ነኝ ነው የምለው። የልጆቼ አባት ልዩነቱ እስካሁን አልገባውም። ሰው ያለ ምክንያት ሲስቅልኝ ምክንያቱን እፈልጋለሁ፤ ያለ ምክንያት ስጦታ ሲሰጠኝ ገልብጬ ከሥሩ አያለሁ። ይህን የማወራው ራሴን ለማመስገን አይደለም። የሚከተለው ሁሉ የደረሰብኝ በዚሁ ጠባዬ ስለሆነ አስቀድማችሁ እወቁት ብዬ ነው።

ኦክላንድ በገባን ጊዜ ቤት የሚያከራየን ጠፋ። ልጆቹ አራት ናቸው። ክሬዲት የሚባለውን ነገር ገና ስሙን መስማታችን ነበር። ያከራዩን ሚስ ሄለን ናቸው፤ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ሳን ሆዜ ወደምትኖረው ልጃቸው ሲሄዱ ቤታቸውን ለእኛ ተዉልን። ቁልፉን ሲሰጡኝ ሌላው አከራይ ሁሉ የሚጠይቀውን አንዱንም አልጠየቁኝም። ፊት ለፊት ወዳለው ግቢ ይዘውኝ ወጡና አንዲት ዛፍ አሳዩኝ። ሃይድሬንጃ ትባላለች። አንድ ቀጥ ያለ ግንድ አላት፤ ከላይ ደግሞ ክብ ጭንቅላት። ቁመቷ የእኔው ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የተከሏት ናት።

«ብርድ ሲመጣ አልብሻት» አሉኝ። «ማታ ማታ፣ ሥራ ከመሄድሽ በፊት። ካላለበስሻት ትሞትብኛለች። በሰኔ ስታብብ መጥቼ አያታለሁ።»

አለብሳታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ዛፏ ብትሞት ሚስ ሄለንን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? የዚያን ብርድ ጭንቀቴ ይህ ብቻ ነበር። ሌላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በኅዳር ቅጠሏ መርገፍ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መጥረጊያ መሰለች። ብርዱ ሳይመጣ ሞተችብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ወዲያው ዓይኔ ጎረቤታችን ላይ አረፈ።

ጎረቤታችን ሚስተር ሬይ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜው አንቱ የሚያስብል ነው፤ እኔ ግን ጥርጣሬዬ እስኪጠራ አንቱታውን አቆይቼበታለሁ። ቅጠል በነፋስ የሚያባርር ማሽን አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን አዝሎ በአጥሩ ዳር ሲመላለስ የማሽኑ አፍ ወደ ዛፌ ሲዞር አይቻለሁ።

«ቅጠሏን ምን አደረግካት?» አልኩት በአጥሩ ላይ።

«በብርድ ወራት ትረግፋለች። ተኝታ ነው» አለኝ።

ዛፍ ተኝታ ነው የሚለኝን ሰው አላምንም። ከዚያ ደግሞ ሳልጠይቀው የሎሚ ዛፉን አሳይቶኝ ስለ ሎሚው ብዙ አወራ። ሳይጠየቅ ብዙ የሚያወራ ሰው የሚሸፍነው ነገር አለው ብዬ በልቤ ያዝኩት።

የገና ጾም ከገባ በኋላ ቴሌቪዥኑ ብርድ ይመጣል አለ። ስለ አየሩ የሚያወራው ሰውዬ ሲናገር ይስቃል። ትልቋ ልጄ ሳምራዊት ተረጎመችልኝ።

«ፍሪዝ ነው ማሚ። ፓይፕ ሁሉ ይፈነዳል ይላል።»

«ይህን እያለ ነው የሚስቀው?»

«ጆቡ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ በትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ ሸፈንኳት። ሚስተር ሬይ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ላስቲክ ብርዱን ያባብስባታል፣ ጨርቅ ነው የሚያስፈልጋት አለ። ለምን ነገረኝ? ሌሊቱን ሥራ ላይ ሆኜ ሳሰላስለው አደርኩ። በማግስቱ አንሶላ አለበስኳት። ነፋሱ ገፍፎ እሱ ግቢ ጣለው። አጣጥፎ መለሰልኝ። በጣም በጥንቃቄ ነው ያጣጠፈው። ይህንንም ያዝኩበት።

በመጨረሻ ጋቢዬን አወጣሁ። ከራሷ ላይ ጣል አድርጌ፣ በትከሻዋ አዙሬ፣ ከፊት ለፊቷ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። «በስመ አብ» ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። አጠገባችን አልባኒ ከተማ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት የሌሊት ነርስ ረዳት ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ማታ እያለበስኩ፣ ጠዋት ስመለስ እያወለቅኩ መኖር ሆነ።

«ማሚ፣ እሷን ጉድ ናይት ትያታለሽ። እኛን ጥርስ ቦርሹ ብቻ ነው» አለችኝ ሳምራዊት።

አንድ ጠዋት ስመለስ ከዛፏ እግር ሥር በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ቆሎ ነው። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ለውዝም ጣል ጣል ያለበት።

ቆሜ አሰብኩ። ኦክላንድ ውስጥ ቆሎ ከሰማይ አይወርድም። ሚስተር ሬይ ቆሎ ከየት ያመጣል? ነገር ግን በርክሌ ውስጥ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ገብቶ እንደበላ አንድ ጊዜ ነግሮኛል። ስለዚህ አልሰረዝኩትም።

በማግስቱ ውኃ የሞላ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት የላስቲክ ጠርሙስ መጣ። ቀጥሎ ግማሹ የነደደ ጧፍ።

ቆሎ፣ ውኃ፣ ጧፍ፤ ከዛፍ ሥር። ይህ ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰው ዛፏን አድባር አድርጓታል። የምጾም የምጸልይ ሴትዮ በገዛ ጋቢዬ ቆሌ ሳለብስ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ከዚያ የባሰ ሐሳብ መጣ። መተት ቢሆንስ? ይህን ቤት ከእኛ በፊት ሊከራይ ፈልጎ ያጣ ሰው፣ ዛፏን ገድሎ ሚስ ሄለን እኛን እንዲያስወጡን ፈልጎ ቢሆንስ?

«ማነው?» አልኩት የልጆቼን አባት።

«ምኑ?»

«ዛፏን የሚያመልካት።»

«ካንቺ ሌላ ማንንም አላየሁም» አለኝ።

ቀጥሎ የሱፍ ካልሲ መጣ። ወፍራም፣ በእጅ የተሠራ። ዛፍ እግር የላትም። ካልሲውን በሁለት ጣቴ ይዤ ለልጆቼ አባት አሳየሁት።

«ካልሲ የሚያመጣ መተተኛ መልካም ሰው መሆን አለበት» አለ።

ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። በማግስቱ የልጆቼ አባት እግር ላይ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አካሄዱን ስከታተል ሰነበትኩ። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ጉንፋኑ ለቀቀው። ይህም አጠራጠረኝ።

ቆሎውን ለወፎች በተንኩ። ውኃውን ግን ምን ላድርገው? ዛፏ ሥር እንዳላፈሰው መርዝ ቢሆንስ። ቤት እንዳላስገባው ልጆቹ ቢጠጡትስ። በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ። መርዙ የሚስተር ሬይ ከሆነ ወደ ሚስተር ሬይ ይመለስ። በአጥሩ ላይ እጄን ዘርግቼ የሎሚ ዛፉ ሥር ደፋሁት። ሎሚው ከደረቀ ሰውዬው ተያዘ፤ ካልደረቀ ነጻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ ይመጣል፣ እኔም እደፋለሁ። ዞር ዞር ብዬ ሰው አለመኖሩን ሳላረጋግጥ ደፍቼ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች ተለወጡብኝ። ስገባ ወንበር ይለቁልኛል። ሳልፍ ዝም ይላሉ። የልጆቼ አባት ከሥራ የተባረረ፣ እኔ ብቻ ያልሰማሁ መሰለኝ። አንዲት ሴት ትከሻዬን ስማ «እግርሽን አያምሽም?» አለችኝ።

«ያመኛል። ሌሊቱን ቆሜ ነው የማድረው» አልኳት። ሥራዬ እንደዚያ ነው።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «በዚህ ብርድ» አለች።

«ምንም አይል፣ ውስጡ ይሞቃል» አልኳት።

እጄን ሳመችኝ። ሰው የነርስ ረዳት እጅ የሚስመው ምን ፈልጎ ነው?

የንስሐ አባቴም ወደ ጥግ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር ለንስሐ አባት ይነገራል» አሉኝ።

የሌሊት ሥራዬን ማለታቸው መሰለኝ። «ይቅርታ አባ፣ የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

«የልጆች እናት ነሽ። ከአቅም በላይ እንዳይሆንብሽ።»

«ምን ላድርግ አባ፣ ታዝዤ ነው።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ሱፐርቫይዘሬ።»

አባ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ በመስቀላቸው ባረኩኝ።

ገና ሊደርስ ሲል ዋናው ብርድ መጣ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ መሳቁን አቆመ። የምር የፈራሁት ያኔ ነው። ሚስ ሄለን ከሳን ሆዜ ደወሉ። ሁልጊዜ ሲደውሉ መጀመሪያ ዛፏን፣ ቀጥሎ ልጆቹን ነው የሚጠይቁት።

«ዛሬ ማታ እንዳትረሻት» አሉኝ።

«አልረሳትም» አልኳቸው።

ያን ጠዋት ከዛፏ ሥር የተጣጠፈ ጋቢ አግኝቼ ነበር። ከእኔው ይወፍራል። ጠረጠርኩት፤ ነገር ግን ብርዱን ይበልጥ ፈራሁት። አማትቤበት ከእኔው ጋቢ ላይ ደረብኩላት። ከዚያ ይህ ነገር ዛሬ ማለቅ አለበት አልኩ። ሺፍቴን ከአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጋር ተለዋወጥኩ። ሊነጋጋ ሲል ተነሥቼ የልጆቼን አባት ነጭ ብርድ ልብስ ከራሴ ጀምሮ ተከናነብኩና ከዛፏ አጠገብ ቆምኩ። የመጣው ሰው እንዳይለየኝ ብዬ ነው። ቁመታችን እኩል ነው። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። በእግዚአብሔር ጥበቃ አምናለሁ፤ ለማንኛውም ግን ከብርድ ልብሱ ሥር መጥበሻ ይዣለሁ።

ቀስ ያለ ኮቴ ተሰማ። ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት ከመንገዱ ጥግ ብቅ አሉ። ሲቀርቡ አወቅኳቸው። እማማ ለተማርያም ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ የሚቆሙት። ከአስመራ ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ከእኔ ይጠራል፤ ዕድሜያቸውን መርካቶ ጋቢና ነጠላ ሲሸጡ ነው የኖሩት። ቤታችንን ያውቃሉ፤ በጠዋት በደጃችን የሚያልፉት አውቶቡስ ይዘው አልባኒ፣ ልጃቸው ቤት፣ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ኦፕሬሽኑን ከፋሲካ በኋላ ብለው አቆይተውታል።

ዛፏ ፊት ቆሙ። ዝቅ ብለው አማተቡ። ቀና ሲሉ ግን ባሉበት ደረቁ።

«ሁለት ሆኑ» አሉ ለራሳቸው።

እማማ እኔን በአክብሮት ዞር ብለው አለፉና ወደ ዛፏ ተጠጉ።

«ልጄ» አሏት በሹክሹክታ። «እስከ ዛሬ ጸሎትሽን እንዳላቋርጥ ብዬ ቃል አልተነፈስኩም። ጓደኛም እንደተላከልሽ አያለሁ፤ እኔ ኃጢአተኛዋ ምን እላለሁ። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው። ልጄን አስቢልኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ከትልቁ በኋላ ሁለት ወርዶባታል። ይኸኛው ሊደርስ ነው። ቆሎው ትንሽ ነው፤ ጠበሉን ጠጪበት።»

ያን ጊዜ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ቆሎው ለጿሚ ነው። ካልሲው ለቆመ እግር ነው። ጧፉ የጸሎት ነው። ውኃው ጠበል ነው። ወደ ሎሚው ለማየት ፈራሁ።

በዚህ መካከል አስነጠሰኝ።

«ይማርሽ» አሉ እማማ፤ ዛፏን።

እኔን መልአክ አድርገውኛል፤ መልአክ አያስነጥስም።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«የትኛዋ?»

«በቀኝ ያለሁት።»

«በግራ ያለችውስ?»

«ሃይድሬንጃ ናት።»

«የማን ልጅ ናት?»

«ዛፍ ናት፣ እማማ።»

እጃቸውን ዘርግተው ግንዷን ዳበሱ። ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ጨርቁን በጣታቸው አሹት።

«ይኼ ጋቢ የኔ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ለዛፍ ነው ስሰግድ የከረምኩት?»

«ያማተቡት ወደ ምሥራቅ ነው። ምሥራቅ በዚያ በኩል ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

«ቆሎዬስ?»

«ወፎች በሉት።»

«ካልሲውስ?»

«የልጆቼ አባት አድርጎታል።»

«ጠበሉስ? ከኢየሩሳሌም የመጣ ነው፤ በጠብታ እያካፈልኩ ነበር የማመጣልሽ።»

«ሎሚ ጠጣው» አልኩ።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሱ ብዬ ልደግፋቸው ተጠጋሁ። መጥበሻው ነካቸው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መጥበሻ ነው። ለእርስዎ የያዝኩት ነበር።»

ለካ እየሳቁ ነው። አሁን የባሰ ሳቁ። ዛፏን ተደግፈው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ለሴቶቹ፣ ለአባም ሳይቀር። ስንቱ አስቢኝ በሉልኝ እያለ የክርስትና ስሙን ሰጥቶኛል። አሁን ዛፍ ነበረች ልበላቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግሪያቸውም» አሉኝ። «ትቆሚላቸዋለሽ።»

ቆምኩላቸው። እስከ ገና ድረስ ጠዋት ከሥራ ስመለስ ጋቢውን ከዛፏ አውልቄ ራሴ እየለበስኩ፣ እማማ የነገሩኝን ስም ሁሉ በየተራ እየጠራሁ ጸለይኩ። ወለተ ሥላሴን አስቀድማለሁ። የምቆመው ሎሚው ፊት ለፊት ስለሆነ ንስሐም ነበረበት። ለአባ ብቻ እውነቱን ነገርኳቸው። ሱፐርቫይዘሯ ማን እንደሆነች ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ።

ከገና በኋላ ወለተ ሥላሴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ተመስገን።

ብርዱ ሲያልፍ የሰፈሩ ሎሚ ሁሉ በውርጭ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ከሚስተር ሬይ ሎሚ ግን አንዲት ቅጠል አልጎደለችም። እኔን ያስጨነቀችኝ የራሴዋ ናት። እንደ መጥረጊያ ቆማለች። ጠዋት ጠዋት ጫፍ ጫፏን በጣቴ እዳብሳለሁ። ምንም የለም። ሚስ ሄለን በደወሉ ቁጥር «ተኝታ ነው» እላቸዋለሁ። የሚስተር ሬይን ቃል ተውሼ። በዐቢይ ጾም መካከል አንድ ጠዋት ጫፏ ላይ ምስር የምታክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። ልጆቹን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼ አሳየኋቸው። ሳምራዊት «ለዚህ ነው?» ብላ ተመልሳ ተኛች። እኔ እዚያው ቆሜ አመሰገንኩ።

በሰኔ ሚስ ሄለን ልጃቸው ደግፋቸው መጡ። ዛፏ በነጭ አበባ ተሸፍናለች። እማማም ዓይናቸው ተሠርቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሊያዩዋት መጥተዋል። ሚስ ሄለን አንዱን አበባ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። በዚህ መካከል ሚስተር ሬይ ሎሚ የሞላ ከረጢት ይዞ መጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «በብርዱ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሎሚዬ ሥር የምትደፊው ምን ነበር? በመስኮት አይሽ ነበር። ዞር ዞር እያልሽ ነው የምትደፊው። መርዝ መስሎኝ ላስመረምረው አፈሩን በላስቲክ ቋጥሬ አስቀምጬ ነበር።»

«ታዲያ አስመረመርከው?»

«የሰው ሁሉ ሲቃጠል የኔው ቀረ። አሁን የምፈልገው ትንሽ ካለሽ እንድትሰጪኝ ነው።»

ሰውዬው እኔን ሲጠረጥር ከርሟል። አፈር እስከ መቋጠር የደረሰ ጥንቁቅ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ አልኳቸው። የተባረከ ውኃ እንደነበረ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሎሚውንም አመስግኜ ተቀበልኩ። በኋላ በሳሙና አጠብኩት። አንቱ ማለት ሌላ፣ ማጠብ ሌላ።

«እንዴት አድርገሽ አተረፍሻት?» አሉኝ ሚስ ሄለን።

«በእግዚአብሔር ቸርነት። በሁለት ጋቢም።»

ሳቁ። «እሷ እኮ በብርድ አትሞትም። በረዶ የሚጥልበት አገር የምትበቅል ናት። ባለቤቴ ከዚያ ነው ያመጣት።»

የቆየው ጠባዬ ተነሣብኝ። «ታዲያ ለምን ትሞታለች አሉኝ?»

ሚስ ሄለን ደጃፉ ላይ ወደሚጫወቱት ልጆቼ አዩ።

«ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ማታ ማታ አንሶላ አለብሳት ነበር። ከመንገድ ሲያዩዋት ሰው የቆመ ትመስላለች። ሌባ አይቶ ያልፋል። አንቺ ሌሊት እንደምትሠሪ፣ የባልሽም እንቅልፍ ከባድ እንደሆነ ነገርሽኝ። ልጆቹ ሳሉ ደጁ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ሌባ አለ ብልሽ ቤቱን ትከራዪው ነበር?»

አልከራየውም ነበር።

ያን ብርድ ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም፤ ከሚስ ሄለን በቀር። ያታለሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያውም ለልጆቼ ብለው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ያን ዕለት ማታ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ አበባዋን እንዳይጫንባት ስስ ነጠላ አለበስኳት።

«ማሚ፣ ሰመር ነው» አለችኝ ሳምራዊት።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ጠዋት ስመለስ ነጠላው ተጣጥፎ ከእግሯ ሥር ተቀምጧል። ከላዩ በናፕኪን የተጠቀለለ ቆሎ አለ። የሰኔ ጾም ገብቷል። እማማ አሁን ዓይናቸው ያያል፤ ዛፍ መሆኗን በደንብ ያውቃሉ።

ተመስገን ብዬ አነሣሁት። መጀመሪያ አሸተትኩት። ከቀትር በኋላ ጾሜን ስፈታ በላሁት።